ጉባኤተኛ በወደብ፦ በጁባ ስለሚካሄደው የዎርክሾፕ ጉብኝት የቀረበ መጠነኛ ጥናት

መግቢያ

የሰው ልጅ ባዕድ ከተማ የሚጎበኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ይህ በእኛ ዘንድ እምብዛም ስላልተለመደ ለጥናት የሚበቃ ናሙና አልተገኘለትም። ሁለተኛው በዘመድ ገንዘብ ነው፤ እሱ ጥየቃ እንጂ ጉብኝት አይባልም። ሦስተኛው በስብሰባ ነው። የአገራችን ምሁር ዓለምን ያወቀው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በተለይ የጤና ባለሙያው የታደለ ነው፤ በሽታ ድንበር ስለማያውቅ እሱም ተከትሎት ይዞራል።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ቁንጮ የአውሮፓ ጥንታዊ ከተማ መሆኑ አያከራክርም። ለጉባኤ ቪየና የሄደ ሐኪም ጠዋት ስለ ልብ ደም ሥር መጥበብ ያዳምጣል፤ ከሰዓት ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ደጅ ይገኛል፤ ማታ፣ በ1847 ዶክተር ዚሜልቫይስ ሐኪሞች እጃቸውን እንዲታጠቡ ባዘዘባት ከተማ፣ እጁን ሳይታጠብ ሳንድዊች ይበላል። ለንደን የሄደው ደግሞ ሶሆ ሰፈር፣ ብሮድዊክ ጎዳና ላይ ከቆመች አንዲት የውሃ ፓምፕ ጎን ፎቶ ይነሣል። ስለ ፓምፗ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ጥናት ፊቱን ያዞረው ወደ ጁባ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ብዙው ባለሙያችን ቪየናን በሕልሙ፣ ጁባን በፓስፖርቱ ነው የሚያያት።

የጥናቱ ዘዴ

ዘዴው ምልከታ ነው። አጥኚው ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሚጠኑት ጋር ተቀምጧል፣ ሻይ ጠጥቷል፣ ፈርሟል። የተጠኚዎቹ ፈቃድ አልተጠየቀም፤ ቢጠየቁ ኖሮ ጥያቄው ራሱን የቻለ ዎርክሾፕ ያስፈልገው ነበር። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ስብሰባ የሚጠራው በዚያ አቆጣጠር፣ ሒሳብ የሚወራረደውም በዚያው ነውና።

የጉባኤተኛው መለያ ባሕርያት

ጉባኤተኛ ከሌላው መንገደኛ የሚለየው በአምስት ነገር ነው። ባጅ ያንጠለጥላል። የስብሰባው ርእስ የታተመበት ቦርሳ ይይዛል፤ ቦርሳው በኋላ የልጆች ደብተር መያዣ ይሆናል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ፓስፖርቱ ውስጥ ሰክቶ ይጓዛል፤ ሌላውን ሲከትብ የኖረ ሐኪም ራሱ መከተቡ የሚረጋገጠው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ብቻ ነው። አዲስ፣ ያልተጨማደደ ዶላር ይፈልጋል፤ ጁባ ላይ አሮጌ ኖት የሚቀበል ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነውና። በመጨረሻም፣ ውሎ አበሉን በልቡ በብር እየመነዘረ ይተኛል።

የቀኑ አወቃቀርም ለውጥ የለውም። የክብር እንግዳው ዘግይተው ይመጣሉ። ተሳታፊዎች በየተራ ስማቸውንና መሥሪያ ቤታቸውን ይናገራሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ስለ መሥሪያ ቤቱ አመሠራረት ይጨምራል። የሻይ ረፍት ይከተላል። የቡድን ፎቶ ይነሣል፤ ይህም ስብሰባው መካሄዱን የሚያረጋግጥ ዋናው ማስረጃ በመሆኑ ከሥራው ይቀድማል። ቀጥሎ ፓወርፖይንት ይቀርባል፣ ፊደሉ ከኋላ ለተቀመጠ አይነበብም፣ አቅራቢው ግን ስላይዱን እንዳለ ያነበዋል። ከዚያ ምሳ ነው።

የዚህ ጥናት ዋና ግኝት የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ነው። የፊርማው ወረቀት ለጠዋትም ለከሰዓትም ባንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይታያል። ወንበሮቹ ግን እየሳሱ ይሄዳሉ። ሞደሬተሩ "ተመልሰዋል ብለን እንጀምር?" ይላሉ። አልተመለሱም። የት ሄዱ?

ታሪካዊ ዳራ

ጁባ አካባቢ ጉባኤ የተጀመረው በለጋሽ ድርጅቶች አይደለም። ከዛሬዋ ከተማ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ ጎንዶኮሮ የሚባል ጣቢያ ነበር። በፌብሩዋሪ 1863 እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ሃኒንግ ስፒክ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ ሌላውን አሳሽ ሳሙኤል ቤከርን አገኘው። ግንኙነቱ የዘመናዊ ዎርክሾፕ ምልክቶችን በሙሉ ያሟላል። ስፒክ ግኝቱን አቀረበ፤ ወንዙ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ይወጣል አለ። ቤከር ለእሱ የሚተርፍ ነገር እንዳለ ጠየቀ። ስፒክም ገና በአግባቡ ያልታየ ሌላ ሐይቅ መኖሩን ነገረው። "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" የሚለው ምክረ ሐሳብ በዚህ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ቤከር በ1864 አልበርት ሐይቅ ደረሰ።

የስፒክ ጥናት ሁለተኛ ጸሐፊ፣ የጉዞ ባልደረባው ጄምስ ግራንትም እዚያው ነበር። ውሃው ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ ግን አላየም፤ እግሩ ታሞ ነበር፣ ስፒክም በሌላ መንገድ አስቀድሞ ልኮታል። ስሙ ሁለተኛ የሚጻፍ ተመራማሪ ዕጣ ያን ጊዜም ይኸው ነበር። ስንቅና ጀልባ ይዞ እንዲጠብቃቸው ገንዘብ የተዋጣለት ቆንስል ጆን ፔትሪክ ደግሞ የደረሰው እንግዶቹ ከመጡ በኋላ ነው፤ ስፒክ እስከ መጨረሻው ይቅር አላለውም። የትራንስፖርት አስተባባሪና የተሳታፊ ጠብ በዚህ ወንዝ ዳር ከ160 ዓመት በላይ አስቆጥሯል ማለት ነው።

ከነሱም በፊት፣ በ1850ዎቹ፣ በኦስትሪያ ጥበቃ ሥር የመጡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጎንዶኮሮ ላይ ጣቢያ ከፍተው ነበር። ብዙዎቹ በንዳድ አለቁ፤ ጣቢያው ተዘጋ። ስለዚህ የቪየናና የዚህ ወንዝ ዳር ትውውቅ በጉባኤ ሳይሆን በንዳድ የተጀመረ ነው። ቪየና ቤተ መንግሥቱን ይዛ ቀርታለች፤ ጎንዶኮሮ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለጎብኚ ዓይን የሚሞላ ነገር አይገኝም። የአውሮፓ ከተማ ታሪኳን በቲኬት ታሳያለች፤ የጁባ ታሪክ የሚጎበኘው በወሬ ነው።

በጁባ ስም የሚጠራው ትልቁ ጉባኤ የተካሄደው በ1947፣ ጁን 12 እና 13 ቀን ነው። እንግሊዞች የደቡብና የሰሜን ሱዳን ተወካዮችን ሰብስበው አገሩ አንድ ሆኖ ይቀጥል ወይ ብለው መከሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ያሉ የደቡብ ተወካዮች በማግስቱ ሌላ ነገር አሉ። መካከል ላይ አንዲት ሌሊት ነበረች። ቃለ ጉባኤው የቀኑን እንጂ የሌሊቱን ወሬ አልያዘም። ይህ ለጥናታችን ትልቅ ትምህርት ነው፤ የጉባኤ ዋናው ጉዳይ የሚያልቀው ከአዳራሽ ውጭ ነው።

የስብሰባ ንግድ ሚዛንም መጠቀስ አለበት። ለረጅም ዘመን አስተናጋጇ አዲስ አበባ ነበረች። የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያቆመው ስምምነት በ1972 የተፈረመው በአዲስ አበባ ነው፤ በሴፕቴምበር 2018 የደቡብ ሱዳን ተፋላሚዎች የፈረሙትም እዚያው ነው። የጁባ ፖለቲከኛ የአዲስ አበባን ሆቴሎች ከእኛ ይልቅ ያውቃቸዋል። የእኛ ሐኪም አሁን ጁባ መመላለሱ ብድር መመለስ ነው እንጂ ሌላ ስም አይሰጠውም።

የወደቡ መልክ

ጁባ ለምን እዚህ ተተከለች ለሚል መልሱ ወንዙ ነው። ከከተማዋ በላይ፣ ወደ ደቡብ፣ ወንዙ በድንጋይ እየተንደረደረ ስለሚወርድ ጀልባ አያልፍም። ከከርቱም አቅጣጫ የሚመጣ መርከብ መጨረሻው ይህ አካባቢ ነው። ሱዳን ካለችው ኮስቲ ወደብ እስከ ጁባ በውሃ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መካከል ላይ ሱድ የሚባለው ማቆሚያ የሌለው ረግረግ አለ። እንግሊዞች በ1920ዎቹ መጨረሻ የአውራጃቸውን መቀመጫ ከሞንጋላ ወደ ጁባ ሲያዛውሩ፣ የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ከተማዋን ከተማ አደረጓት።

ወደቡን ለማየት የመጣ ጉባኤተኛ መጀመሪያ የሚያየው የጠበቀውን አይደለም። ትልልቅ ክሬን የለም። ጠፍጣፋ የብረት ታንኳዎች ጎን ለጎን ታስረው ቆመዋል፤ ከኋላ አንድ ገፊ ጀልባ ሞተሩን ያስጓራል። ላያቸው ላይ ጆንያ፣ ፍራሽ፣ በርሜል፣ ሞተር ሳይክል፣ ፍየልና ሰው አንድ ላይ ተጭኗል፤ ሰው ከዕቃው ሥር ጥላ ይሠራል። ወደ ቦርና ወደ ማላካል የሚሄደው ጭነት የሚነሣው እንዲህ ሆኖ ነው። ዳርቻው ላይ የማንጎ ዛፎች አሉ። ከዓሣ አጠቢዎቹ አጠገብ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ራሰ በራቸውን ደፍተው ይቆማሉ፤ አቋቋማቸው የማጠቃለያ ንግግር የሚጠብቁ የክብር እንግዶች ያስመስላቸዋል።

ከፍ ብሎ ሁለት ድልድይ አለ። አሮጌው በ1970ዎቹ የተገጣጠመ የብረት ድልድይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ሱዳን ንግድ ከዩጋንዳና ከኬንያ የሚገባው በእሱ ላይ ነበር። አዲሱ በጃፓን ርዳታ የተሠራው፣ 560 ሜትር የሚረዝመውና በሜይ 2022 የተመረቀው የነፃነት ድልድይ ነው። ጉባኤተኛው ሁለቱንም ፎቶ ማንሣት ያምረዋል። እዚህ ላይ የጁባ ጉብኝት ከአውሮፓው ፈጽሞ ይለያል። አውሮፓ ውስጥ ፎቶ ያላነሣ አልሄደም ይባላል። ጁባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ድልድይ፣ ወደብ፣ አየር ማረፊያ ወይም ወታደር ፎቶ ያነሣ ሰው ከጸጥታ ኃይል ጋር ረጅም ትውውቅ ይጀምራል። ስልክ ከኪስ ብቅ ሲል ከማንጎው ጥላ ሥር አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ይነሣል። በዚህም ምክንያት የጁባ ጎብኚ ያየውን ነገር ለማስታወስ የሚገደድ የመጨረሻው የጎብኚ ዝርያ ነው።

የተለመደ ሳይንሳዊ ስሕተት

ኢትዮጵያዊ ጉባኤተኛ ከውሃው ዳር ሲደርስ የሚለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ "የእኛ ዓባይ" ይላል። ድምፁ ውስጥ ኩራትም ቅሬታም አለ፤ ልጁ ጎረቤት ቤት አድጎ ያገኘው አባት ይመስላል።

ጥናቱ ይህን ለማረም ይገደዳል። የናይል ውሃ አስዋን ሲደርስ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ የሄደ መሆኑ እውነት ነው። በጁባ ወደብ በኩል የሚያልፈው ግን ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች የመጣ ነጭ ዓባይ ነው። ጥቁር ዓባይ የሚቀላቀለው ከርቱም ላይ ነው። ባሮም ሶባት ሆኖ ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባው ማላካል አካባቢ፣ ከጁባ ብዙ ርቆ በታች ነው። ስለዚህ እዚህ ከሚፈሰው ውሃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጠብታ የለም። ይህን ለአንድ የልብ ሐኪም በነገርነው ጊዜ ወንዙን ቀና ብሎ አየና "ቢሆንም" አለ። ሳይንስ በ"ቢሆንም" ፊት አቅም የለውም።

በጁባ የኢትዮጵያ ድርሻ ያለው ከውሃው ውስጥ ሳይሆን ከውሃው ዳር ነው። ከተማዋ የነፃ አገር መዲና ከሆነችበት ከ2011 ጀምሮ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሆቴል ከፍተዋል፣ ሱቅ ነግደዋል፣ ጀበና ጥደዋል። የከተማዋን ውሃ በቦቴ ያመላልሱ ከነበሩት ሾፌሮች መካከልም ብዙዎቹ ሀበሾች ነበሩ።

ስለ ፓምፑ

አሁን ወደ ለንደኗ ፓምፕ እንመለስ። በ1854 ሶሆ ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ዶክተር ጆን ስኖው የሟቾቹ ቤተሰቦች ከየት ይቀዱ እንደነበር እየዞረ ጠየቀ። መልሱ ወደ ብሮድ ጎዳና ፓምፕ አመለከተ። ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ዛሬ እዚያ የቆመችው ቅጂ ናት፤ እጀታ የላትም፣ ውሃም አትሰጥም። ከአጠገቧ በስኖው ስም የተሰየመ መጠጥ ቤት አለ፤ ሰውየው አብዛኛውን ዕድሜውን አልኮል የማይቀምስ ነበር። የዓለም የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ሁሉ ለንደን ከሄደ እሷን ሳይሳለም አይመለስም።

በጁባ ወንዝ ዳር ያሉት ፓምፖች ግን እጀታም ሞተርም አላቸው። ቦቴዎች ተሰልፈው ከወንዙ ይሞላሉ፤ ኮሌራ ሲነሣ መሙያው ላይ ክሎሪን የሚጨምሩ ሠራተኞች ይቆማሉ። ከዚያ ቦቴው በየሰፈሩ እየዞረ በበርሜልና በጀሪካን ይሸጣል። በኦክቶበር 2024 በሬንክ ከተማ መነሣቱ የታወጀው ኮሌራ ጁባንም ነክቷል፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ድንበሩን ተሻግሮ ጋምቤላ፣ አኮቦ ወረዳ ደርሷል። ጉባኤተኛችን ጁባ የተጠራው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ይሆናል።

ከምሳ በኋላ ከጠፉት አንዷ፣ የኅብረተሰብ ጤና ዶክተር፣ ከኮኞ ኮኞ ገበያ ቡና ፍለጋ ወጥታ ወንዙ ዳር ከቆመ ቦቴ አጠገብ ተገኝታለች። ሾፌሩ ሀበሻ ነው። ባጇን አየና፣

"ዶክተር ነዎት?" አለ።

"አዎ፣ ወንድሜ።"

"የምን?"

"የኅብረተሰብ ጤና።"

"መርፌ የማትወጉት ናችሁ?"

"እኛው ነን።"

"ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ ኮሌራ።"

ሾፌሩ ውሃ የሚወርድበትን ቱቦ አየ፣ ቦቴውን አየ፣ እሷን አየ። "እኔን አልጠሩኝም" አለ።

ቀጥሎ የተነገራት ነገር በየትኛውም ስላይድ ላይ አልነበረም። የትኛው ሰፈር በበርሜል፣ የትኛው በጀሪካን ይገዛል። ናፍጣ ሲወደድ ውሃው ስንት ይሆናል፣ ያን ጊዜ እነማን መግዛት ትተው በቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ክሎሪን የሚጨምረው ልጅ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ከሱ በኋላ የሚሞላ ቦቴ አለ ወይ። ዝናብ ሲዘንብ የትኛው መንገድ ይዘጋል። ዶክተሯ የስብሰባውን መርሐ ግብር ገልብጣ በጀርባው ጻፈች። ጆን ስኖው ቤት ለቤት ዞሮ ያገኘውን ካርታ ሾፌሩ በመሪው ይዞት ነበር።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ የሻይ ረፍት ነበር። ሞደሬተሩ የጠፉ ተሳታፊዎችን በስም እየጠሩ "ለምን እንደመጣን አንርሳ" ሲሉ ደረሰች።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ጥናቱ የደረሰበት ይህ ነው። የሕክምና ጉባኤተኛ ውሃ የማትሰጥ ፓምፕ ለመጎብኘት አውሮፓ ድረስ ይጓዛል፣ ይህም የሙያ ዕድገት ይባላል። ውሃ የሚሰጥ ፓምፕ ለማየት ከጁባ አዳራሽ ወጣ ካለ ግን ስብሰባ ጥሎ ጠፋ ይባላል። ይህ አከፋፈል ምክንያት አልተገኘለትም። ቪየና ላይ ከሥራ በኋላ ጉብኝት ይከተላል፤ ጁባ ላይ ጉብኝቱ ሥራው ነው፣ አዳራሹ ነው ዕረፍቱ።

ስለዚህ የሚከተሉት ሐሳቦች ለአዘጋጆች ቀርበዋል። አንደኛ፣ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ወደ ወደቡ ይዛወር፤ ተሳታፊው በአካል እዚያ ስለሆነ የትራንስፖርት ወጪ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ አስቀድሞ ከሚመለከተው ክፍል ይወሰድ፤ የቡድን ፎቶ ያለ ፈቃድ ወንዝ ዳር ማንሣት ለቡድኑም ለፎቶውም አይበጅም። ሦስተኛ፣ የቦቴ ሾፌሮች፣ ክሎሪን ጨማሪዎችና ጀሪካን ሻጮች በተሳታፊነት ይጠሩ፣ ባጅ ይሰጣቸው፣ አበላቸውም እንደ ማንኛውም ተሳታፊ ባልተጨማደደ ዶላር ይከፈላቸው። አራተኛ፣ ኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎች ስለ ነጭና ጥቁር ዓባይ ልዩነት ከመብረራቸው በፊት አጭር ገለጻ ይሰጣቸው፤ "ቢሆንም" የሚሉትን ግን መከልከል አይቻልም።

አዘጋጆች ይህን የማይቀበሉ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ይለመናሉ። ከሰዓት በኋላ ባዶ ወንበር ባያችሁ ቁጥር ማይክራፎን ይዛችሁ ስም አትጥሩ። ሰዎቹ ያሉበት ቦታ ከዚህ በላይ በዝርዝር ተጽፏል፤ ሄዳችሁ አብራችኋቸው ቁሙ።